ሟቹን አላጠፋም ያለው መዝገብ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና፣ ጊንጪ አካባቢ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የገበሬዎችን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። ባለይዞታዎች በአንድ ሠንጠረዥ፣ ማሳዎች በሌላ፤ እያንዳንዱ ማሳ ከባለይዞታው ቁጥር ጋር ይታሰራል። ይህን ያዘጋጁት ጎልማሳ ባለሙያ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው አይመቸኝም።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ማኅተም ያለው የቀበሌ ወረቀት ይዞ መጣ። ወንድሙ ሞቷል። "እሱን ሰርዢና መሬቱን በኔ ስም አድርጊው" አለኝ። በወረቀቱ መዝገብ ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ነበር። የሟቹን ስም መርጬ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ተያያዥ መዝገብ ስላለ አይጠፋም አለኝ። ደገምኩት። ያው።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገርዎ አላሠራ አለኝ! ሠንጠረዦቹን የምታስረውን ምልክት ላንሳትና ልገላገል?"

"አንሺያትና ማሳዎቹ ባለቤት አልባ ይቅሩ" አሉ ከወንበራቸው ሳይነሱ። "እነዚህስ የማን ይሁኑ ብሎ እኮ ነው የጠየቀሽ። ክፈቺያቸው።"

ከፈትኩ። ሁለት ማሳ። በሁለቱም ላይ የጋራ ባለይዞታ ሆና ሚስቱ አለች። የጻፍኳት ራሴ ነኝ፤ ረስቻት ነው።

"ሚስቱስ?" አልኩት ሰውዬውን።

"እሷማ ከሌላ አገር የመጣች ናት።"

"በሕይወት አለች ወይስ የለችም?"

"አለች።"

"እንግዲያው እሷ ሳትመጣ አልነካውም።"

"ትናንት የተቀጠርሽ ልጅ!"

"አዎ፣ ትናንት።"

በቀበሌው በኩል አስጠራናት። ከደንዲ ሐይቅ በኩል በእግሯ መጣች፤ የመሬት ደብተሯን በሻሽ ጠቅልላ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልታስለቅቁኝ ነው እንዴ?" አለችኝ ገና ከበሩ።

መጀመሪያ፣ ማሳዎቹ ላይ በስም ብቻ ስለነበረች፣ በባለይዞታዎቹ ሠንጠረዥ የራሷን ቁጥር ሰጥተን መዘገብናት፤ ከዚያ ሁለቱን ማሳዎች ከቁጥሯ ጋር አሰርን። ባሏን አላጠፋነውም፤ ሟች ተብሎ ተጻፈ። ትመርቀኝ ጀመር።

"እኔን አይመርቁ" አልኳት። "እኔ ላጠፋዎት ነበር። እሳቸውን ይመርቁ።"

ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏታል። ባለሙያው ከፕሪንተሩ ጋር እየታገሉ ነበር። ቀና ሳይሉ "አሜን" አሉ። የዚያን ዕለት እኔ አላመሰገንኳቸውም፤ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ዛሬ ግን እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ እጄን ይዘው ከትልቅ ኃጢአት አውጥተውኛል።

ሴትየዋ ስሟን አሳዪኝ አለችኝ። ጣቷን ይዤ ስክሪኑ ላይ አኖርኩላት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቷን ቶሎ አላነሳችም።

"በሉ ልሂድ" አለች በመጨረሻ። "ስንዴዬን አረም በልቶታል።"