የተፋቀው ክኒን

አባቴ መሪጌታ ኪዳኔ ከሰው ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን የለም። ደብረ ታቦር ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ለደም ግፊታቸው የማመጣላቸው ክኒን፣ ፖሊመር የሚሉት ሽፋኑ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሟሟ መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። እንዳለ እንዲውጡት ስንቴ ለምኛቸዋለሁ። ሑዳዴ ሲገባ ግን ሽፋኑ ከከብት ቆዳ የተሠራ መስሏቸው በምላጭ ፍቀው ዋጡት። መድኃኒቱ ባንዴ ተለቀቀባቸውና የዜማ ተማሪዎቻቸውን በመቋሚያ እያባረሩ ሳሉ ተዘረሩ።

ሆስፒታል ሲነቁ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ።

«አባባ፣ ሽፋኑ ከእንጨት ነው የሚሠራው። ከብት የሚባል ነገር የለበትም። ምነው እኔን ቢጠይቁኝ?»

ሐኪሙ ፊት ገላመጡኝ።

«እስከዛሬ ስታበይኝ የከረምሽው እንጨት ነው? ውሰጂና ለፍየል ስጪው።»