ሊማሊሞ ላይ ሁለት ጊዜ የተጠየቁት ሰው

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ወደ አዲ አርቃይ ስወርድ፣ አውቶቡሱ ሊማሊሞ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እግር ሳቅ ብላ "እትዬ፣ ገደሉን ፈርተው ነው?" አለችኝ። ገደሉንም እፈራዋለሁ፤ የበለጠ የምፈራው ግን ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ነው።

ድንጋዩን መፍራት የጀመርኩት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ነው። መምህሬ የሠራተኞችን የመሥራት አቅም የሚለካ የውጭ አገር መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ፣ በእኛ ሰው ላይ በትክክል መለካቱን እንዳረጋግጥ ደባርቅ ላከኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሰንበት ብሎ ደግሞ መጠየቅ። ሁለቱ መልሶች ከተቀራረቡ መጠይቁ ይታመናል። እንዲህ ሲባል ምን ክፋት አለው?

የጠየቅኋቸው ናዳ የሚጠርጉ የመንገድ ሠራተኞችን ነበር። ጠዋት ጠዋት በጭነት መኪና አብሬያቸው ከደባርቅ እወርዳለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ መታጠፊያውን ይውጠዋል። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ይሰጡኛል፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ቆሎ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት የዳባቱ ሰው አያ አዛናው ነበሩ። በጉብዝናዎ ወራት ከነበረዎት አቅም ከአሥር ስንቱ አለ ስላቸው፣ "አሥሩም አለ፣ ተመስገን" አሉኝ። ከመኪናው ሲወርዱ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ማየቴን አልዘነጋም። እኔ ግን እንዳሉኝ ጻፍኩ።

ሁለተኛ ስመለስ ቆሎ የዘገነልኝ አልነበረም። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ወደ ጎን ወስዶ ነገሩን አስረዳኝ። በእነሱ አገር ከብት ሲሰረቅ ሕዝቡ ሌባውን ለማጋለጥ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ እዚያ ያንኑ ነገር ደግሞ የሚጠየቅ ሰው ውሸታም ተብሎ የተጠረጠረ ነው። አቅም ያነሰውን ለይተው ሊያባርሩ ነው የሚል ወሬም ቀድሞኝ ደርሷል። ላስረዳቸው ብሞክር፣ ባብራራሁ ቁጥር ጥርጣሬያቸው ባሰ።

የአያ አዛናው ተራ ደረሰ። ጥያቄውን ጀምሬ ሳልጨርስ ዲጂኗቸውን አንስተው ዳገቱን ወጡ። ከላይ ዝናብ ሥሩን ያላላው ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ጎበዛዝቱ እንኳ መሬቱ ሳይደርቅ አንነካውም ብለው የተዉት። "አያ፣ ይውረዱ፣ አምኜዎታለሁ" ብዬ ጮህኩ። ካቦው ክንዴን ይዞ፣ ዝም በይ፣ ታስደነግጪያቸዋለሽ አለኝ። እመብርሃን ድረሽ እያልኩ ቆምኩ። እግራቸው ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ጠጠሩ በአጠገቤ እየተንከባለለ ገደሉ ውስጥ ይገባል፤ ሲያርፍ አይሰማም። ዲጂኖው ድንጋዩ ሥር ገባ። ድንጋዩ ተነቅሎ መንገዱን አቋርጦ ሲወርድ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተናወጠ፤ ቀና ስል እሳቸው የሉም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ከጉሙ ወጡ። አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ ከወገባቸው በታች መላ አካላቸው ይንቀጠቀጣል።

"አሁንስ አመናችሁኝ?"

"አምነናል፣ አያ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አሥር ብለሽ ጻፊ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ በሞቴ፣ ሦስተኛ እንዳትመጪ። ሦስተኛውን አልችለውም።"

አሥር ብዬ ጻፍኩ። የእሳቸውን ያህል ሁለቱ መልሶች የገጠሙለት ሰው አልነበረም፤ መምህሬም ደስ አለው። ስለ ድንጋዩ ብነግረው አዘነ፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ቀረ።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሁለቱም መልስ አንድ ሆነ ብለው ፊታቸው ፈክቶ ሲመጡ፣ ሰዎቹ ሲመልሱ ምን ፈርተው እንደነበር እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይህን አልጠየቅንም ይሉኛል። ሦስተኛ ተመልሳችሁ ጠይቁ ልላቸው አፌን እከፍትና ፍርሃት ይይዘኛል።