ከደረት በላይ

ሶዶ ባለው የቴሌቪዥን ቅርንጫፍ በካሜራማንነት ሥራ በጀመርኩበት ዕለት፣ ኃላፊያችን አቶ ተሾመ ትራይፖዱን አሸክመውኝ፣ «ሁምቦ ሂድ፣ የተራራው ዛፍ ዜና አለ። አንድ ጥሩ ቶኪንግ ሄድ ይዘህ ና» አሉኝ።

ለማታውቁት፣ ቶኪንግ ሄድ፣ ማለትም «ተናጋሪ ራስ»፣ ካሜራ ፊት አስተያየት የሚሰጥ ሰው ነው። ባለሥልጣንም ይሁን ገበሬ ከደረቱ በላይ ይቀረጻል። እኛ ዘንድ ሰው በስሙ አይጠራም ነበር፤ «ስንት ሄድ አመጣህ?» ነው እየሳቅን የምንባባለው። ያ ሳቅ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን የማቅፈው ያ ከባድ ካሜራ ዛሬም ይናፍቀኛል።

የተራቆተውን ተራራ መልሰው ያለበሱት ገበሬ አቶ ላሊሶ ይባላሉ። ስደርስ ስድስት ጎረቤቶቻቸው የወላይታን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛቸውን፣ ለብሰው ግራና ቀኛቸው ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ቢቆሙ?»

«እኔ ብቻ ነው እንዴ የተከልኩት? አንድ እንጨት አይነድም፣ ልጄ። አብረን ነው።»

መከራከር ፈራሁ። «እሺ» አልኩና ዙም አድርጌ ፍሬሙን እሳቸው ላይ ብቻ አጠበብኩት። ስድስቱም የሚታዩ መስሏቸው ያን ፀሐይ ቀጥ ብለው ቻሉልኝ።

ዜናው ሲተላለፍ አቶ ተሾመ «ጎበዝ! ሄድ እንዲህ ነው» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በሳምንቱ አቶ ላሊሶ ቢሮ መጡ።

«ሰዎቹ ላሊሶ ተራራውን ለብቻው ወሰደ ይላሉ። ደቦ ጠራሁ፣ ማንም አልመጣም። ሙሉውን ፊልም ስጠኝ፣ ላሳያቸው።»

ከፍተን አየነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሳቸው ራስ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ትከሻቸውን የያዘ እጅ ይታያል።

«ይሄ የዳና እጅ ነው» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሑድ ሁምቦ ወርጄ ስድስቱን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠበቅኳቸው። «የቆረጥኳችሁ እኔ ነኝ፤ አቶ ላሊሶ አብረን ካልሆነ ብለው ነበር» አልኳቸው።

ዳና የሚባሉት ሽማግሌ ትኩር ብለው አዩኝ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከንም? ፀሐይ ላይ ከምታቆመን፣ ወደ ሥራችን እንሄድ ነበር።»



በሚቀጥለው ደቦ አራቱ መጡላቸው፤ ዳናም ነበሩበት። ሁለቱ ግን ከዚያ ወዲህ አቶ ላሊሶ ማሳ ላይ አልታዩም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ራስ ቀርጫለሁ። ፍሬም ማጥበብ የሥራው ግዴታ ነው፣ አይቀርም። ውጭ የሚቀረውን ሰው ግን ካሜራውን ከመክፈቴ በፊት እነግረዋለሁ።