ሦስተኛው ጥሪ

የፍርድ ቤቱ ሰዎች «መትረየስ» ይሏታል። ሥራዋ በችሎት የተቀዳውን ድምፅ እያዳመጡ ቃል በቃል መገልበጥ ነው፤ ምስክሩ የተንተባተበውን፣ ዳኛው ያሳሉትን ሳይቀር። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሲወርዱ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ጣሪያውን በረዶ የሚደበድበው ይመስለዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተሳስተሻል ተብሎ የተመለሰባት አንድም ገጽ አልነበረም።

ጎበዝን ሥራ ይወደዋል። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ያልጨረሱት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ዘንድ ይመጣል። «ለአንቺ እኮ ምንም አይደለም» ይላታል የቢሮ ኃላፊዋ፣ ድምፁ የተቀዳበትን ፍላሽ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ለሕፃን ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው ፈገግ እያለ። እሷም እምቢ የሚለው ቃል አፏ ላይ አይመጣላትም። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ይዛው ቤቷ ትገባለች።

ቤት የሚጠብቋት ሁለት ናቸው። ባለቤቷ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ጣቶቹን ፕላስተር ተለይቷቸው የማያውቅ፣ ቀልድ አዋቂ ሰው። ልጃቸው ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሚጢ ይሏታል። መኝታ ቤት ውስጥ በቁም ሣጥኑና በመስኮቱ መሃል የተሸጎጠችው ትንሽ ጠረጴዛ የእናትየዋ ናት። እዚያ ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ከደፋች ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም። ሰው ሲጠራት ዞር ሳትል ግራ እጇን ብድግ ታደርጋለች፤ ቆይ ማለቷ ነው። ባልየው መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ለባልም ባዳ ኖሯል!» ይላታል። በኋላ በኋላ ግን ቀልዱን ተወው።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የያዘችው ቅጂ የአንድ መጋዘን ሠራተኛ ምስክርነት ነበር። የሰውየው ሚስት ከሲሊንደር በሾለከ ጋዝ ቤቷ ውስጥ ታፍና ሞታለች፤ ክሱም በሲሊንደሩ ሻጭ ላይ ነው። ሰውየው አላለቀሰም፣ አልጮኸም። የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ነበር የሚናገረው።

«የጭነት መኪና እያራገፍን ነበር። ስልኬ ጠራ። አየሁት፣ እሷ ናት። ይችን ልጨርስና እደውልላታለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።»

ከዚያ ዝም አለ። ዳኛው «እሺ፣ ይቀጥሉ» አሉት። አልቀጠለም። ማዳመጫው ውስጥ የሱ ትንፋሽና ከጀርባ የአንድ ወንበር ሲጢጢታ ብቻ ቀረ። መትረየስ እንደ ደንቡ «ዝምታ» ብላ ጻፈች። ምስክሩ ጥቂት ቆይቶ ሲቀጥል እሷም ቀጠለች፤ ጨርሳም ፍላሹን ነቀለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ያልሰማችው ጉድ የለም። ወንድም ወንድሙን ሲክድ ሰምታለች፣ ነፍሰ ገዳይ ሲያዛጋ ሰምታለች። አንዱም ያችን ጠረጴዛ አልፎ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ይሄ ግን ገባ። ሰኞ ሳህን ስታጥብ ከቧንቧው ውሃ ሥር «ይችን ልጨርስና» አላት። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠው ሰው ሲተነፍስ የሱ ትንፋሽ መሰላትና ወርዳ በእግሯ ሄደች። ሐሙስ ዕለት ባሏ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ክው ብላ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም።»

«እንግዲህ ምንም የሚባል ሰው ቤታችን ገብቷል ማለት ነው» አለ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን እየለቀመ። «ሰሞኑን ከሱ ጋር ነው የምትውይው።»

እሱ እንደ ልማዱ መቀለዱ ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ በሩን አየች።

ድምፁን ለማባረር ያገኘችው መላ በላዩ ላይ ሌላ ድምፅ መድፋት ነበር። አንድ ፍላሽ ትወስድ የነበረችው ሦስት መውሰድ ጀመረች። የመሬት ክርክር፣ የውርስ ክርክር፣ ምን አለፋችሁ፣ የተገኘውን ሁሉ ጆሮዋ ላይ ትከምራለች። ኃላፊዋ ደስታውን አልቻለውም። ሰውየው ግን ከሁሉም ድምፅ ሥር ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ወረቀት ስትደረድር «እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» የሚል ሰማች።

ያ ድምፅ ነው። አሁንስ ጨርሼ አበድኩ ብላ ለመዞር ፈራች። ስትዞር ግን በአገልግሎት መስኮቱ በኩል እውነተኛ ሰው ቆሟል፤ አጭር፣ ሸሚዙን አጥብቆ የተኮሰ፣ የፀጉሩ ጎንና ጎን የሸበተ። በሐሳቧ ረጅም ነበር። በእጁ የያዘው እሷ የጻፈችውን ግልባጭ ነው።

«አነበብኩት። ሁሉም ልክ ነው። እዚች ጋ ብቻ» አለና ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ። «ባለቤቴ በስልክ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ ይላል። እኔ ያልኩት ሦስት ጊዜ ነው።»

«የሰማሁትን ነው የምጽፈው» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ደረቀ።

«ይሆናል። ጠበቃዬም ለጉዳዩ ለውጥ የለውም፣ ተወው ብሎኛል።» ቀና ብሎ አያት። «ግን ሦስቴ ነው የጠራችኝ እህቴ። አንዱ ለምን ይወሰድባታል?»

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ነገረችውና ማዳመጫዋን አደረገች። ቦታውን ፈልጋ አገኘችው። ያ ዝምታ፣ ያ ትንፋሽ፣ ያ ወንበር። ከዚያ ሰውየው እንደ ውሃ በጠራ ድምፅ «ሦስት ጊዜ ጠራችኝ» አለ።

ሁለት የሚለው ከየት መጣ? መልሳ ሰማችው። በሦስተኛው ነው ያ እሁድ የታወሳት። ልክ ሰውየው ዝም ባለበት ቅጽበት ከበሩ በኩል በማዳመጫው ውስጥ ሾልኮ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ነበረ። «እማ!» ከዚያ ደግሞ «እማ!» ሚጢ ናት። ግራ እጇ ብድግ አለ፤ በቀኙ ብቻ ጻፈች። ሁለት ብላ የቆጠረችው የልጇን ጥሪ ነበር። ጨርሳ ዞር ስትል በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሦስተኛ ጥሪ ነበረ ወይ? አታውቅም።

ገጹን አርማ አተመችና ማኅተም አስመትታ አወጣችለት። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት በወደደች። ሰውየው ቆሞ ያችን አንድ መስመር ብቻ አነበበ፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈ፣ «ተባረኪ» ብሏት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ፈቃድ ጠይቃ ወጣችና የልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመች። ልጅዋን ዘወትር የሚወስዳት አባትየው ነው። ሚጢ ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች ስትወጣ እናቷን አየችና ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አባዬ ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም አልሆነም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«እውነትሽን ነው?»

ልጅቷ አላመነችም፤ እጇን ሰጥታ ስትሄድም እየሰረቀች ፊቷን ታያታለች። ጥቂት እንደሄዱ እናትየዋ ጠየቀቻት። «ያን እሁድ፣ እኔ ስጽፍ በሩ ላይ ቆመሽ ጠርተሽኝ ነበር። ምን ልትዪኝ ነበር፣ የኔ ቆንጆ?»

«የቱ እሁድ?»

«ቢጫ ሹራብሽን የለበስሽ ዕለት።»

ሚጢ ከልቧ አሰበች፤ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከንፈሯን ነክሳ። «እኔ እኮ ብዙ ቀን ጠርቼሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

ቂም አልነበረባትም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። ለእናትየዋ የከበዳትም ይኸው ነው። መንገድ መሃል ቆማ ቀረች፤ መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት ልጅቷ ናት ጎትታ ያሻገረቻት።

በማግሥቱ ሦስቱን ፍላሽ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ወደ ቤት አልወስድም።»

«ምነው፣ ለዚያች ለአንድ ቃል ነው? በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቃል እኮ ያሸልማል!»

«ስለ ቃሉ አይደለም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ሊሠራው ነው?»

«ቀን ቀን እኔ እሠራዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን እነሳለሁ።»

ኃላፊዋ አኮረፈ። ለወራት ሰላምታው እንኳ በአገጩ ብቻ ሆነ። ሥራው ተከማቸ፤ ግልባጭ ፈላጊዎች አግዳሚው ላይ በዙ፤ እሷም በመሃላቸው ስታልፍ አንገቷን ትደፋ ነበር፣ የያንዳንዱን ፍላሽ ባለቤት በዓይኗ ማየት ጀምራለችና። ኃላፊዋ ስድስት ወር ካጉረመረመ በኋላ ሌላ ገልባጭ ቀጠረ። ልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ስለሚመታ ሰዎቹ ወዲያው «ነጠላ ተኩስ» አሉት።

ቤትም ቢሆን በአንድ ጀምበር አልቀናም። ማታ ማታ ሳሎን ቁጭ ትልና እጇን የምታደርግበት ታጣለች። ሚጢ አንድ ነገር ስትፈልግ እሷን አልፋ አባቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ለምዳዋለች። አንድ ቀን ሁሉንም ለባሏ ነገረችው፤ የሰውየውን ድምፅ፣ ትንፋሹን፣ ያን እሁድ። ባልየው ያን ዕለት አልቀለደም። ሻይዋን ቀድቶላት አጠገቧ ቁጭ አለ። የሰውየው ድምፅም ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ብቅ ይልና ይሄዳል፣ እሷም ማባረሩን ትታዋለች።

በዝናብ ወራት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ አባትየው መስታወት ሊገጥም ወጥቶ ሁለቱ ብቻቸውን ቤት ዋሉ። ሚጢ ሶፋው ላይ መጥታ ተደገፈቻትና ላጲስ ስለዋጠች አንዲት የክፍሏ ልጅ ማውራት ጀመረች። ጭራና ቀንዱ የማይያዝ ወሬ ነው፤ መምህሯ አለች፣ የላጲሱ ቀለም አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ድመት ትገባለች። እናትየዋ ስትሰማ ቆይታ ሐሳቧ ለአፍታ ሸሸባት።

«ሚጢ፣ ይቅርታ፣ ድመቷ ጋ አምልጦኛል» አለች። «ድገሚልኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ ፊቷን አጤነችው። ከዚያ የሰለቻት አስተማሪ እንደምታደርገው በረጅሙ ተነፈሰችና ወሬዋን ከሀ ጀመረችው።