የከፈትኩት መስኮት

ባለፈው እሑድ እህቴ ሰብለ ከበር አስቀረችኝ። ልጇ ወልዳ ብስራተ ገብርኤል ኮንዶሚኒየም ተኝታለች፤ እኔም ለገንፎው የሚሆን ቅቤ አንጥሬ፣ ደረጃውን እያለከለክሁ ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ አስነጠሰኝ። ሰብለ የአፍ መሸፈኛዋን ከፍ አድርጋ፣ “እንዳይከፋሽ እህቴ፣ ሕፃኑ ገና ጨቅላ ነው” አለችና ኮሪደሩ ላይ ወንበር አወጣችልኝ። ገንፎዬም እዚያው መጣልኝ። ትክክል ናት። ግን እንዲህ ብሎ መናገር የምትችል ሴት መሆኗን ሳይ ማንኪያዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰብለ የመጀመሪያ ልጇን መካኒሳ ስትወልድ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር፣ የማርሳት እኔ ሆንኩ። ክረምት ነበር። የሰፈሩ ጭቃ ጫማ ያስቀራል፤ ሰው ሁሉ ይስላል፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ይሰደባል። የእኛ ሰው ከበሽታ ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ሕፃኑ አቤል ያለ ወሩ የመጣ ልጅ ነው፤ ክንዴ ላይ መኖሩም አይታወቅም ነበር። ከጤና ጣቢያ ስንወጣ ነርሷ ለሁለታችንም፣ “ጉንፋን ያለበት ሰው እንዳይስመው። መስኮት ከፈት አድርጉ፣ ልጁ አየር ያግኝ” አለችን።

አንድ ከሰዓት እትዬ ዘነበች ከጎፋ መጡ። የሰብለ ባል አክስት ናቸው፤ እናቱ ሞታበት ያሳደጉትም እሳቸው። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል፣ በእጃቸው ማር ይዘዋል። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብለው ሳይጨርሱ ሳል አጣደፋቸው። ልጁን አቅፌ ወደ ጓዳ ፈቀቅ አልኩ።

“እትዬ፣ ጉንፋን ያለበት ሰው እንዳይቀርበው ተብለናል።”

“ጉንፋን ሰው ሲገድል የት አየሽ? ስንቱን ያሳደግኩ ሴት ነኝ እኮ! አምጪው ባክሽ።”

ሰብለን አየኋት። አንድ ቃል ብትል ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ቀልቶ፣ “ስጫቸው እንጂ! ምን ዓይነት ባለጌ ነሽ?” አለችኝ።

ሰጠኋቸው። አገላብጠው ሳሙት። ከዚያም እንደ ወጉ፣ “እደግ፣ ተመንደግ” እያሉ ግንባሩ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። እሳቸው ክፋት አልነበረባቸውም፤ በዚያ ምርቃት ያደግነው ሁላችንም ነን። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ቤታችን ገብቶ ከማር ጋር ተቀምጦ ነበር፣ ማንም አልገፋውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አቤል ጡት እምቢ አለ። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል። ቤቱ እንዲሞቅ ከሰል ተያይዞ ስለነበር ጭሱ ሲያፍነን መስኮቷን ትንሽ ገርበብ አደረግኋት። ከዚያ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ለሰብለ እኔ ባለሁበት፣ “ቫይረስ ነው፤ ጉንፋን ከያዘው ሰው ተላልፎበት ነው” ብሎ ነገራት። ልጁ ክርስትናው ሳይደርስ አረፈ።

ለቅሶው ላይ እትዬ ዘነበች ድምፃቸው ገና እንደ ጎረነነ፣ “ብርድ ነው የቀማን! በዚህ ክረምት መስኮት የሚከፍት ምን ዓይነት ሰው ነው?” ብለው ጮኹ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሰብለ ዞርኩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ከዚያ ወዲህ በዘመድ መሀል እኔ መስኮት የከፈተችው ልጅ ነኝ። እናቴ እንኳ እስክትሞት ድረስ፣ ሕፃን ያለበት ቤት አብረን ስንገባ መጀመሪያ የምታየው መስኮቱን ነበር። እኔም ስለ ሰብለ ዝምታ ለራሴ መልስ አበጀሁ፤ ሐዘን ራሷን አዙሯታል፣ ነርሷ ያለችውንም ሐኪሙ ያለውንም አታስታውስም አልኩ። ልጅ የሞተባት እናት ምን ታስታውሳለች? እንዲህ እያልኩ በኋላ የወለደቻትን ልጇን ክርስትናም ሠርግም አብሬያት በላሁ፣ ጠጣሁ።

እሑድ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ሳህኔን ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ ከውስጥ ሰብለ ልጇን ስታዛት ሰማኋት።

“መስኮቱን ከፈት አድርጊው እስቲ፤ ልጁ አየር ያግኝ።”

መስኮቱ ሲከፈት ተሰማኝ። ከነቃሉ፣ ከነአነጋገሩ የነርሷ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች። እኔ ደግሞ ይቅር ያልኳት ረስታዋለች ብዬ ነበር።