ናሉሌን ውሃ ያደረጋት ካርታ ሠሪ

አካፔልዋ የሞንጉ ወረዳ ምክር ቤት ካርታ ሠሪ ነው። እኔ የዚያው መሥሪያ ቤት ጀልባ ነጂ ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጀልባዬ ላይ የወጣው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፎቶ ለመነሣት።

በየዓመቱ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳችን ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። እናቱ እማማ ናማታማ ዛሬም ናሉሌ በምትባለው ጉብታ ላይ ይኖራሉ። እሱ ግን ዋና ከተማው ሉሳካ ሦስት ወር ሠልጥኖ ከመጣ ወዲህ ሜዳውን የሚያውቀው በኮምፒውተር ነው። ለአዲስ ሠራተኞች ምክር ማደል ይወዳል፦ ቀለም አታብዙ፣ ጽሑፉ ከሩቅ ይነበብ፣ ሥራችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ምክሩ ልክ ነው፤ ክፋቱ ከወንበር አይነሣም። ሄዶ ማየት፣ ያገሩን ሰው መጠየቅ የሚባል ነገር የለበትም።

አምና አንድ የውሃ ድርጅት አንድ ጉድጓድ እቆፍራለሁ አለ፤ የምክር ቤቱ ካርታ ብዙ ቤት ባሳየበት ቦታ። ናሉሌ በዚያ ዓመት ሁለት ሕፃናት በኩሬ ውሃ ሞተውባታል። ስለዚህ ሁላችንም ጉድጓዱን ለናሉሌ ሰጥተን ጨርሰን ነበር።

አካፔልዋ ለካርታው የሳተላይት ፎቶ አወረደ። ደመና የለበትም ብሎ የመረጠው የመጋቢትን ነው። በመጋቢት ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ ሰዉ ዕቃውን በታንኳ ጭኖ ዳር ወዳለው ከፍታ ይወጣል፣ ውሃው ሲሸሽ ይመለሳል። ይህን የእኛ የሎዚ ሕዝብ ልጅ ጡት ሳይጥል ያውቀዋል። እሱ ግን ኮምፒውተሩን ሰማያዊውን ሁሉ ውሃ አድርግ፣ ቤቱንም ቁጠር ብሎ አዘዘው። ኮምፒውተር ታዛዥ ነው። ናሉሌን ውሃ፣ ከፍታው ላይ ለጎርፉ ሦስት ወር የሚቀለሰውን የሣር ጎጆ ደግሞ ትልቅ መንደር አደረገው።

ካርታው ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ማማሩ አይካድም። እማማ ናማታማ ዓሣ ሊሸጡ በመጡ ቀን ሊኮራባቸው ቢሮው አስገባቸው፤ ያመጣኋቸው እኔ ስለነበርኩ አብሬ ገባሁ። ቤቴን አሳየኝ አሉት። ጣቱ ሰማያዊው ላይ ሲዞር ቆይቶ ቆመ።

“ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው፣ እማ። ሰማይ አይዋሽም።”

“አይዋሽም። በየትኛው ወር ጠየቅኸው?”

መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ፦ “እንግዲህ የወለድኩህ ውሃ ውስጥ ነዋ። ለካ ዓሣ ኖረሃል።”

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሱ አልሳቀም።

ስሕተቱ የሚታረም ነበር። ድርጅቱ እስከ ዓርብ እርማት ይቀበላል፤ ውሃው በሸሸበት በቀደመው ነሐሴ የተነሣውን ፎቶ አውርዶ መቁጠር፣ ከዚያም ካርታውን ሜዳውን ሳያይ መሥራቱን አምኖ መፈረም ነው። ቆጠራውን በግማሽ ቀን ጨረሰ። ናሉሌ ላይ ስልሳ ሁለት ቤት ወጣ። ፊርማው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ታሰረ።

ሐሙስ ለት፣ “ፈርመው እንጂ ወንድሜ፤ ከእናትህ ውሃ ስምህ ይበልጣል?” አልኩት።

“ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ስም ነው” አለኝ።

ዓርብ አለፈ። ጉድጓዱ ከፍታው ላይ ተቆፈረ። ሰዉ ወደ ሜዳው ሲመለስ ፓምፑ አጠገብ የቀረው ፍየል ብቻ ነበር።

በጥቅምት እማማ ናማታማ በተቅማጥ ወደቁ። በጀልባዬ አምጥቼ ጤና ጣቢያ አስተኛኋቸው፤ አካፔልዋም እየሮጠ መጣ። ነርሷ የመጡበትን መንደር ጠየቀችው። ናሉሌ አላት። እሷም በአዲሱ ካርታ መሠረት ከምክር ቤቱ የተላከላትን የመንደሮች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየች።

“ናሉሌ የሚባል የለም። ምን ብዬ ልጻፍ?”

እናቱ አልጋው ላይ ሆነው እያዩት ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ናሉሌ ብለሽ ጨምሪበት ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የከፍታውን መንደር ስም አጻፈ። እማማ ናማታማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ያን ቀን ከልቤ ናቅሁት።