የምርቃት መንደሪን

ልጄ ምግብ ትጠላ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ምግብ አትጠላም፤ ሲሰጧት ነው የምትጠላው። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ከንፈሯን ጥርቅም ታደርግና በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ታየኛለች። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ። ማን ቀድሞ እንደሚሰለች የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ሁልጊዜ ቀድሜ የምሰለች እኔ ነኝ።

ያደገችው ሸማ ተራ፣ እኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ነጠላና ጋቢ እንሸጣለን። ጠዋት ስከፍት ከባንኮኒው ሥር ጋቢ አነጥፍላታለሁ፤ እዚያው ተኝታ፣ እዚያው ተነስታ፣ እዚያው ዳዴ ብላ፣ በጥለት ቁርጥራጭ መሀል እየተንከባለለች ነው የቆመችው። አፏንም እዚያው ፈታች። የሌላው ልጅ «እማ» «አባ» ሲል የእኔዋ ባንኮኒውን በመዳፏ እየመታች «ቀንሺ!» ማለት ጀመረች። ጎረቤት ነጋዴዎች እስካሁን ይቺን እያነሱ ይስቁብኛል።

ሦስት ዓመት ከሞላት በኋላ ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመዝናት «ባለችበት ናት» አሉኝ። በሚቀጥለውም ስሄድ ባለችበት ናት። እንጀራውንና ፓስታውን በስንት ልመና ቀመስ ታደርጋለች፤ ፍራፍሬ የሚባል ነገር ግን በአጠገቧ አያልፍም። ነርሷ «ፍራፍሬ አስለምጃት፤ ቀለል ያለ ነገር ነው፣ በመክሰስ መልክ» ብላ ሸኘችኝ። በሯን ወጥቼ «ቀለል ያለ!» እያልኩ ለብቻዬ እያጉረመረምኩ ነው ቤት የደረስኩት።

ይሄን ወሬ ባለቤቴ ለእናቱ በስልክ ነገራቸው። አማቴ የሚኖሩት ወሎ ነው፣ ከደሴ አለፍ ብሎ። አንድ ልጃቸው ባለቤቴ፣ አንድ የልጅ ልጃቸው የእኔዋ ናት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ምጣዱ ጋ እንደቆምኩ ሁሉንም ሰማሁ።

«የገበያ አየር ነው ልጂቱን ያደረቃት። ለአረፋ ስመጣ ሥጋ አውጥታ ካላገኘኋት ይዣት ነው የምመለስ። እዚህ ወተቱም ከቤት ነው።»

«እሺ እማዬ» አለ ባለቤቴ። ስልኩን ሲዘጋ ዓይኔን ሳያይ «ለጊዜው እኮ ነው» አለኝ።

ለጊዜው የሚባለውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። እኔም በልጅነቴ ለጊዜው ተብዬ ነው አክስቴ ቤት የሄድኩት። አክስቴ ክፉ አልነበሩም፤ ግን ያ ጊዜ ሳያልቅ እዚያው አድጌ፣ እዚያው ተድሬ ወጣሁ። እናቴን ሳገኛት እንግዳ እንደመጣበት ሰው ነበር የምንተያየው። ስለዚህ አረፋ እስኪደርስ ልጄን የማበላበትን መላ ማግኘት ነበረብኝ፤ ሌላ ሐሳብ ከራሴ ወጣ።

መጀመሪያ ያደረግሁት እንደ ሙያዬ ነው። ዕቃዬን ማስተዋወቅ! ሙዙን ልጬ ፊቷ አነሳና እጀምራለሁ። «እዪው እስቲ! ማር እኮ ነው! እንደዚህ ያለ ሙዝ መርካቶን ብትዞሪ አታገኚም! ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ…»

ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ሙዙንም እኔንም አየችን። «ታዲያ ለምን ትለምኚኛለሽ?»

ሳቄ ቢመጣም ነገሩ ቆጠቆጠኝ። እውነቷን ነው። በእኛ ሱቅ ጥሩ ጋቢ ሲሸጥ ማንም አይጮህም፤ ገዢው ራሱ አውርዱልኝ ይላል። ድምፃችን ከፍ የሚለው፣ መሐላው የሚደረደረው፣ ጥለቱ የተዛነፈች አንዲት አልሸጥ ያለች ነጠላ ስትኖረን ነው። ይቺ ልጅ ከባንኮኒው ሥር ሆና ስንቱን ስትሰማ ኖራለች! እኔ ስለ ሙዙ ባወራሁ ቁጥር፣ ሙዙ እንከን አለበት ብላ እየደመደመች ኖሯል።

ከሱቃችን ማዶ ፍራፍሬ በጋሪ የሚሸጡ እናት አሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ምላሳቸው ስለት ነው፤ ልባቸው ግን ቅቤ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳ ይመጣብኛል ብዬ መንደሪን ልገዛ ወጣሁ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ተከተለችኝ። ተከራከርን፣ ተስማማን፣ መዘኑልኝ። እንደ ወጉ «ምርቃቱስ እትዬ?» አልኳቸው።

«አንቺ ነጠላ ስትሸጪልኝ ምን መርቀሽልኛል?» አሉና አንዲት ትንሽ መንደሪን ከክምሩ አንስተው በሚዛኑ ላይ ወርወር አደረጓት።

መንደሪኗ እጄ ሳትገባ ልጄ ቀለበቻት። «የኔ ናት!» ልጣጩን በጥርሷ ጀምራ በጣቷ ቀደደችው። አንዱን ስንጣቂ፣ ሁለተኛውን፣ ውሃው በአገጯ እየወረደ፣ ፍሬውን «ጡ» እያለች ሙሉዋን ጨረሰቻት። እኔ እርግብ እንዳላስበረግግ የፈራሁ ይመስል ሳልንቀሳቀስ ቆሜያለሁ። ስትጨርስ ቀስ ብዬ ከፌስታሉ አንድ አወጣሁ።

«ሌላ ልስጥሽ?»

«አልፈልግም። ያ የሚዛን ነው። ይቺ የምርቃት ናት።»

እትዬ ጋሪያቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ዋይ ዋይ! ይቺስ ከእኛም ትብሳለች! ዋናውን ለእናቷ ትታ ትርፉን በላች እኮ!»

እኔም እያሳቀኝ ብዙ ነገር ገባኝ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ጋቢውን ሲገዛ ፊቱ ኮስተር ያለ ነው፤ ተታልዬ ይሆን እያለ ነው። ፊቱ የሚፈታው መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር፣ የጥለት ቁራጭም ብትሆን፣ ጣል ስናደርግለት ነው። ልጄ ሰው ደስ ሲለው ያየችው በምርቃት ነው። እና እሷም የሚመዘነውን ሳይሆን የሚጨመረውን ፈለገች።

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ በነጋታው ሳህን ሙሉ መንደሪን ልጬ አቀረብኩላት። «ይኸው፣ ሁሉም ምርቃት ነው!»

«ምን ገዛሁ?» አለችኝ።

«እ?»

«ምንም አልገዛሁም እኮ። ሳይገዙ ምርቃት አለ?»

የለም። እኔ ራሴ ሳይገዛ ለማንም መርቄ አላውቅም። ስለዚህ መግዛት አለባት ማለት ነው። የነጠላ ማሸጊያ ካርቶን ገለበጥኩና ሱቅ ከፈትኩ። እቃቃ መጫወት እንግዲህ በእናትነቴ ጀመርኩ። ገንዘቡ የጥለት ቁራጭ፣ ሚዛኑ ሁለት የሻይ ስኒ ማስቀመጫ፣ ሻጯ እኔ። እሷ እንደ ትልቅ ሴት ነጠላ ተከናንባ ትመጣለች፤ ታነሳለች፣ ትጥላለች፣ «ውድ ነው» ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች፣ «ነይ እሺ ነይ» ብዬ እጠራታለሁ። የተመዘነላትን ባንኮኒው ሥር ወስዳ ታስቀምጣለች፤ ምርቃቱን እዚያው ቆማ ትበላለች። እኔም ሚዛኑን አሳንሼ ምርቃቱን አበዛሁት። እንደዚህ ያለ ከሳሪ ነጋዴ መርካቶ አይቶ አያውቅም።

መቼም በየቀኑ መንደሪን መሸጥ ሱቅ አያስብልም፤ ዕቃ ማብዛት ነበረብኝ። ሙዝ እንደ ቁልፍ ክብ ክብ አድርጌ እቆርጥና በሶ ላይ አንከባልለዋለሁ፤ ጣት ላይ አይጣበቅም፣ ጠረኑም የቆሎ ነው። በበሶ ፋንታ የተወቀጠ ለውዝ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። ማንጎ ሲመጣ ጉንጩን ቆርጬ፣ ውስጡን በቢላ ጫፍ ቁመትና አግድም እተለትለውና ልጣጩን ወደ ውጭ እገለብጠዋለሁ፤ እንደ ጃርት እሾሁን ያቆማል። «ጃርት ስንት ነው?» ብላ ስትመጣ ሳቄን መያዝ ያቅተኛል። አቮካዶ በሹካ ፈጭቼ፣ ሎሚ ጠብ፣ ማር ጠብ አድርጌ ዳቦ ላይ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ በሻይ ብርጭቆ እስፕሪስ እሠራለሁ፤ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ፣ ቀለሙ እንዳይደባለቅ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው። ፓፓያን ግን እስከ ዛሬ አልታረቀችውም፤ በነፃ ብሰጣትም፣ ብመርቅላትም አትቀበለኝም። አሁን የልጄ ትምህርት ቤት እናቶች ምን እንደማደርግ ሲጠይቁኝ ይሄን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ግን የመጀመሪያው ነገር አለመለመን ነው እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ የተመዘነላትን ሙዝ ይዛ ተመልሳ መጣች። አንዱ ክብ ጎኑ ተገምጧል።

«ይሄ አልበሰለም። ቀይሪልኝ!»

«ቀምሰሽው ነው እንዴ?»

«ሳልቀምስ እንዴት አውቃለሁ?»

የሚዛኑን በላች! ዘወር ብዬ ጋቢ የማስተካክል መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ ወዲያ የገዛችውን ሁሉ «ልፈትሸው» እያለች ትቀምስ ጀመር።

አማቴ ለአረፋ ሲመጡ ከጓሯቸው የለቀሙትን ብርቱካን በዘንቢል ይዘው ነው። ልጄን አነሷትና «ያረቢ! ይቺስ ላባ ናት!» አሉ። ጨምራ ነበር፤ ግን ትናንት ያላዩዋት ሰው ዛሬ ቢያዩዋት ምን ያውቃሉ?

«አሁን ትበላለች እማማ» አልኳቸው።

«እስቲ ልይ።»

እቃቃውን ማውጣት ፈራሁ። አማቴ ቁራሽ ዳቦ መሬት ወድቃ ቢያዩ አንስተው የሚስሙ ሰው ናቸው፤ በምግብ መጫወት እሳቸው ፊት የሚታሰብ አይደለም። እራት ላይ ብርቱካኑን ራሳቸው ላጡ፤ ነጩን ክር ሳይቀር ለቅመው፣ ሰንጥቀው «ቢስሚላህ በይ፣ ልጄ» አሏት።

ልጄ ብርቱካኑን አየች። እሳቸውን አየች። «ምርቃቱስ?» አለች።

አማቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ማሻአላህ! ምርቃት ትጠይቃለች!» መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እደጊ፣ ተመንደጊ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ለእናት ለአባትሽ መጦሪያ ያርግሽ። ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ።» እኛ አሚን እንላለን፤ ልጄ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሲጨርሱ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ምርቃቱ!»

«ይኸው መረቅሁሽ አይደል እንዴ?»

«እሱማ አይበላም!»

ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ እየሳለ ወጣ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አማቴ ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ መለሱት። «ልጂቱን ምንድን ነው ያስተማራችኋት?» አሉ በዝግታ። «ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ልብሷን አሰናጂልኝ።»

ስለ እቃቃው ላስረዳ ብል በምግብ መጫወታችንን ማመን ሊሆንብኝ ነው። ጠዋት ልብሷን እያጣጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። የሌሊት ልብሷን አስገብቼ መልሼ አወጣሁት፤ እንደገና አስገባሁት።

ከዚያ ለመንገድ የሚሆን ልግዛ ስላቸው «አብሬሽ ልውጣ» አሉ። ሦስታችን የእትዬ ጋሪ ፊት ቆምን። አማቴ አንዲት መንደሪን አንስተው አሸተቱ።

«ይሄ መንደሪን ነው ሎሚ?»

«ቀምሰው ይፍረዱኛ፣ እናቴ!» አሉ እትዬ።

«ልጣጩ እንደ እኔ ፊት ተጨማዶ ምኑን ልቅመሰው?»

«እርስዎ ያማረብዎት መጨማደዱ አይደል?»

አማቴ ከንፈራቸው ፈገግ ሊል ሲል ያዙት፤ ዋጋ ጠሩ። እትዬ ጮኹ። አማቴ ነጠላቸውን መለስ አድርገው መንገድ ጀመሩ። «ይምጡ እሺ፣ ይምጡ! ያከስሩኝ እንጂ ምን አደርጋለሁ!» ልጄ አፏን ከፍታ ነው የምታያቸው። ሲከራከር እንደ አያቷ ያለ ሰው አይታ አታውቅማ! ተመዘነ። አማቴ ሚዛኑን በዓይናቸው ይዘው «ታዲያ ለዚች ልጅ አትመርቂላትም?» አሉ።

መንደሪኗ ከመወርወሯ ልጄ ቀለበቻት። ልጣጩ ወደቀ፣ ውሃው በአገጯ ወረደ። አፏ እንደሞላ የአያቷን ነጠላ ጎተተች። «እማማ፣ ሌላም አስመርቂኝ!»

አማቴ ቆመው አዩዋት። «ያረቢ… ለካ ትናንት ማታ የጠየቅሽኝ ይሄን ነው!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እትዬም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ፤ ሌላም መረቁ።

እኔ ግን ያሰብኩት የታሸገውን ሻንጣ ነው። እሳቸው ያስመረቁላትን በላች። እንግዲህ ምን እላለሁ? አሁን ደስ ብሏቸው ነው የሚወስዷት።

ሱቅ ስንመለስ አማቴ የጋቢ ክምር ላይ ተቀመጡ። «በይ፣ እንዴት እንደምታበያት አሳይኝ» አሉ። ካርቶኑን ገለበጥኩ፤ ሙዝ ቆርጬ በሶ አለበስኩ። ልጄ ተከናንባ መጣች። አነሳች፣ ጣለች፣ ሄደች፣ ተጠራች። ያን ቀን እንደ አያቷ አንገቷን ሰበር ማድረግ ጨምራበታለች። ምርቃቱን በላች፤ የሚዛኑንም «ልፈትሸው» ብላ በላች። አማቴ በምግብ አትጫወቱ አላሉም።

«እኛ ዘንድ ብርቱካኑ ከዛፍ ይወድቃል» አሉ በመጨረሻ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «የሚመዝነው የለ፣ የሚከራከርበት የለ። እኔና ላሟ ነን ያለነው። ከማን ጋር ተከራክራ ልትበላ?» ቀና ብለው አዩኝ። «ልብሷን መልሽው። እኔ እንዲያው ሰሞኑን እዚሁ ልክረም። ያቺ ሴትዮ ያቺን ሚዛኗን በጣቷ ስትደግፍ ዓይቻታለሁ፤ ነገ እነግራታለሁ።»

ካልሲ የምፈልግ መስዬ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታችን ጓዳ ገባሁ። ሻንጣውን ከፈትኩና ትንንሽ ልብሶቿን አንድ በአንድ እያወጣሁ መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው፤ የሌሊት ልብሷን በመጨረሻ። ከውጭ የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል። አያቷ ውድ ነው እያሉ፣ ልጄ ይምጡ እሺ፣ ይምጡ እያለች።